ሃያ ቁጥር

ባቡር የማይቆምባት፣ ጎተራ ከሰው የሚበዛባት፣
ሰሜን ዳኮታ ውስጥ፣ ነፋስ ያሳደጋት
አንዲት መንደር አለች፤ እዚያ ነው የኔ ቤት።
ሸሪፉን ብጠራ፣ አርባ ማይል ነው ርቀቱ፤
በረዶ ከጣለማ፣ እንግዲህ በስንት ሰዓቱ!
የነ አርሊን መጋዘን ሲሰበር በመስከረም
(ጄኔሬተር ሄደ፣ ናፍጣ ሄደ፣ አንድም ሰው አልነቃም)
እንቅልፌ ቀለለ። ድመት ስትራመድ እሰማ ጀመር።
"ሾትገን ግዢ" አለኝ ወንድሜ ኤልመር።

ስድሳ አንድ ዓመቴ ነው። ሠላሳውን ዓመት
የተማሪ አውቶቡስ ስነዳ ነው ያለፍኩት።
መሪ እንጂ ምላጭ አያውቅም ይህ ጣት።

ዴልማር ሱቅ ገባሁ። የዓሣ መንጠቆና የበቆሎ ዘር
ከጥይት ካርቶን ጋር ተደባልቆ የሚያድር።
አሥራ ሁለት ቁጥሩን፣ ጥቁሩን፣ ረጅሙን
ከግድግዳ አውርዶ አስታቀፈኝ ሸክሙን።
"ይሄ ነው" አለኝ፣ "ሌባ የሚገባው ቋንቋ፤
ሳትተኩሺ ያባርራል፣ ሲል ብቻ ቀጭ-ቋ!"
አነሳሁት። ሰደፉ ከብብቴ አልፎ ሄደ፣
አፈሙዙ ቀስ እያለ ወደ ዘሩ ጆንያ ወረደ።
አመስግኜ መለስኩ። ትከሻዬ ነው የሚከፍለው፤
ለዴልማር ቀላል ነው።

ልጁ ጃኔል መጣች፣ እጇን በሱሪዋ እየጠረገች፣
ከኔም አጠር ያለች።
"አባባ፣ ጠመንጃ እንደ ጫማ ነው" አለች።
"በዓይን አይመረጥም፤
ልክሽ ካልሆነ ከደጅ አያሳልፍሽም።"
ሃያ ቁጥር አመጣች፤ ሰደፉ ጫፉ ላይ የተጫረ፣
የሟች ገበሬ፣ ሚስቱ የሸጠችው፣ በዘይት ጨርቅ የኖረ።
"ሃያ ከአሥራ ሁለት እንዴት ያንሳል?"
"የድሮ ሰው ሂሳብ ነው፤ ቁጥሩ ሲያድግ አፉ ይጠባል።"
እኔም እንደዚያው ነኝ አልኳት፤ ዕድሜዬ ሲያድግ አፌ ጠቧል።

"ዓይንሽን ጨፍኚ፤ አሁን ወደ ጉንጭሽ አምጪው፤
ግለጪ።" ገለጥኩ። ዓይኔ አፈሙዙ ጫፍ ካለችው
የነሐስ ጠብታ ላይ አረፈ፣ ሳልፈልጋት፣
ጨለማ ቤት ውስጥ ማብሪያዋን እጅ እንደሚያውቃት።

ከፈልኩ። የብረት ሣጥንም ገዛሁ ከነቁልፉ
(የልጅ ልጄ ቴት ሰባት ዓመቱ ነው፤ የማይነካው የለም መዳፉ)።
ዴልማር ቅር አለው፦ "ተቆልፎ ምን ሊሠራ?"
"እሱም ይተኛ" አልኩት፣ "እኔም ልተኛ ሳልፈራ።"

ቅዳሜ፣ ሜዳው ላይ። ነፋስ። ጆሮዬ ተደፍኖ።
"ሳብ!" ስል ሸክላው ይወጣል፣ ብርቱካን መስሎ፣ ተተኩኖ፤
ስምንቱን ሳትኩ። አግዳሚው ላይ ያሉት ሽማግሌዎች
ከይሉኝታ የተነሳ ቆጠሩ ደመናዎች።
ዘጠነኛው ላይ፣ ያለበትን ትቼ የሚሄድበትን አየሁ፣
ልጅ ከመኪና መሃል ሊሮጥ ሲል እንደማውቀው፤ ተኮስኩ፤
ሸክላው ጭስ ሆነ። ብቻዬን ጮህኩ።

ጥር ላይ፣ በሌሊት፣ በረንዳው ሲጢጥ አለ።
ጆሮዬ ነው ብዬ ልተወው ስል፣ ደገመ፣ ቀጠለ።
የበሩ እጀታ ዞረ፣ ተመለሰ፣ ዞረ።
ቁልፉ ጣቴ ላይ፣ ሣጥኑ አጠገቤ። ልቤ በረረ።
ግን አፌ ቀደመ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ
ኋላ ወንበር ለሚደባደቡ፣ በመስኮት ለሚንጠለጠሉ
ያወጣሁት ድምፅ ከሆዴ ወጣ፦ "ቁጭ በል!"
ከበሩ ማዶ ዝም። ከዚያ አንድ ነገር፣ ዘጭ ሲል።

መብራት አብርቼ ባይ፣ ኮዲ ነው፣ የአርሊን ልጅ፤
ሰክሮ፣ ቤቱ መስሎት፣ ጓንት የለውም ባንድ እጅ።
በረዶው ላይ ቁጭ ብሏል፤ ልክ እንደ ሦስተኛው ወንበር፣
"እሺ፣ ሚስ ቨርና" ይል ነበር።

ብርድ ልብስ ሰጠሁት። አባቱ መጣ፣ ወሰደው።
እስኪነጋ ቁልፉን ከጣቴ ማውለቅ ነው ያቃተኝ፤ አብጦ ነው።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ሸክላ የሚወረውርልኝ ኮዲ ነው።
ስለዚያች ሌሊት አንነጋገርም። "ሳብ!" ስለው
ትንሽ ይደነግጣል መጀመሪያ፤
ከዚያ ይስባል። አሥራ አንድ ሰበርኩ ከሃያ።